ጥድ ወይስ ባሕር ዛፍ? ወይራ ወይስ ግራር? ድርቅን አስቦ ዛፍ ለመምረጥ የንጽጽር መመሪያ

ችግኝ ሊተክል የተነሣ ሰው፣ ገበሬም ይሁን ሰበካ ጉባኤ፣ ወይም ከባሕር ማዶ ገንዘብ ልኮ የተወለደበትን ቀበሌ ተራራ ማልበስ የሚሻ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ቶሎ የሚደርሰው የትኛው ነው?” ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማገዶም ማገርም ጊዜ አይሰጥም። ሆኖም ዛሬ የሚተከል ጥድ ወይም ወይራ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ከዛሬው ይበልጥ በሞቀ አየር ውስጥ ነው። በዚያ ዕድሜው ውስጥ ክረምቱ ቀድሞ የሚወጣበት፣ በልጉም ጭራሽ የሚቀርበት ዓመት ደጋግሞ ይመጣል። በደጋግ ዓመታት የታየው ዕድገት ከዚያ ክፉ ዓመት ዛፉን አያድነውም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ዛፎቹን የማወዳድረው በሦስት ነገር ነው፤ ዝናብ ሲቀር ውኃቸውን እንዴት እንደሚያወጡ፣ ሥሮቻቸው የት እንደሚደርሱ፣ ከተጎዱም በኋላ እንደገና ማቆጥቆጥ መቻል አለመቻላቸው። የዕድገት ፍጥነት ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

በአየር ውስጥ የጨመረው ካርቦን ያድናቸዋል?

“ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለዛፍ ምግቡ ነው፤ ከበዛ ድርቁን ይችለዋል” የሚል ክርክር ይሰማል። ይህን ቀድመን ካልፈታነው ምርጫው ሁሉ ይዛባል።

መነሻው እውነት ነው። ቅጠል በቆዳው ላይ ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባው በእነርሱ ነው፤ ውኃም የሚተነው በእነርሱ ነው። ዛፉ ምግቡን ለመሥራት ቀዳዳዎቹን በከፈተ ቁጥር በውኃ ይከፍላል። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ 280 ገደማ የሚሆኑት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። ቻርልስ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1958 በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር 315 አካባቢ ደርሰው ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፈዋል። ጋዙ ሲበዛ ዛፉ ቀዳዳዎቹን ጠበብ አድርጎም የሚበቃውን ያህል ያገኛል። በመሆኑም በአንድ ሊትር ውኃ የሚያመርተው ምግብ ይጨምራል።

ዋናው ጥያቄ ይህ ቁጠባ ወደ ግንድ ይለወጣል ወይ የሚለው ነው። በአሜሪካ ቴኔሲ፣ ኦክ ሪጅ በተባለ ቦታ፣ ስዊትገም የሚባል ዛፍ በተተከለበት ደን ላይ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ተጨማሪ ጋዝ ይነፋ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደኑ ጋዝ ካልተነፋበት ጎረቤቱ በ24 በመቶ ገደማ የበለጠ አመረተ፤ በ2008 ግን ብልጫው ወደ 9 በመቶ ወረደ። በአፈሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ለተጨማሪው ዕድገት አልበቃም። በአውስትራሊያ፣ ሲድኒ አቅራቢያ፣ ፎስፎረስ ባጣ አፈር ላይ በቆመ የባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ተመሳሳይ ሙከራ ሲካሄድ ቅጠሎቹ ወደ 12 በመቶ ተጨማሪ ካርቦን ወሰዱ፤ ግንዱ ግን አልወፈረም። የተወሰደው ካርቦን አብዛኛው በሥርና በአፈር ሕዋሳት በኩል ተመልሶ ወደ አየር ወጣ። በእንግሊዝ ስታፎርድሺር ያሉ ዕድሜ ጠገብ የኦክ ዛፎች ደግሞ የእንጨት ምርታቸውን በ10 በመቶ ገደማ ጨምረዋል። መልሱ እንግዲህ እንደ አፈሩ ይለያያል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ ግን ከሐሩር ክልል ደኖች የተገኘው ነው። በቦሊቪያ፣ በካሜሩንና በታይላንድ የዛፎች የዕድገት ቀለበት ሲመረመር፣ ባለፉት 150 ዓመታት ዛፎቹ ውኃ የመቆጠብ ብቃታቸውን በሲሶ ያህል አሻሽለዋል፤ ዕድገታቸው ግን አልፈጠነም። የተቆጠበው ውኃ ግንድ ሆኖ አልታየም።

የደጋችን ቀይ አፈር ፎስፎረስን አጥብቆ ስለሚይዝ ለሥር በቀላሉ አይለቅም። በዚህ ላይ ለዘመናት የታረሰና የታጠበ ተዳፋት ነው የምንተክልበት። ስለዚህ ከአየሩ የሚመጣውን ስጦታ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ተስፋ አድርጎ ዝርያ መምረጥ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ሙቀቱንም አንርሳ። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል፤ ያንን እርጥበት የሚመጠው ደግሞ ከአፈርና ከቅጠል ነው። ጋዙ የሚያስቆጥበውን ውኃ፣ ያው ጋዝ የሚያመጣው ሙቀት መልሶ ይወስደዋል።

ዛፍ በድርቅ የሚሞትበት መንገድ

ዛፎችን ለማወዳደር እንዴት እንደሚሞቱ ማወቅ የግድ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ዛፉ ውኃውን የሚስብበት ኃይል ይበረታል። ጉተታው ከልክ ሲያልፍ ውኃ በሚያመላልሱት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ የአየር አረፋ ይገባል፤ አረፋ የገባበት ቱቦ ከዚያ በኋላ ውኃ አያስተላልፍም። ብዙዎቹ ቱቦዎች ሲዘጉ ዛፉ በቁሙ ይደርቃል። ይህን የፈራ ዛፍ ቀዳዳዎቹን ቀድሞ ይዘጋል። ከዘጋ ደግሞ አዲስ ምግብ አይሠራም፤ እህል ማስገባት አቁሞ ከጎተራው ብቻ እንደሚበላ ቤተሰብ በግንዱና በሥሩ ካጠራቀመው ይኖራል። ድርቁ ከረዘመ ክምችቱ ይመናመናል፤ የተዳከመውን ዛፍም ነቀዝ ይጨርሰዋል።

ሁለቱን ጠባዮች ጎን ለጎን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የደረሰው ድርቅ ነው። በኒው ሜክሲኮ ተራሮች ላይ ፒኞን የሚባል ፓይንና የእኛ ጥድ ዘመድ የሆነ ዛፍ አብረው ይበቅላሉ። ፒኞኑ ቀዳዳዎቹን ቀድሞ የሚዘጋ ጠንቃቃ ነው፤ የጥዱ ዘመድ ደግሞ ቱቦዎቹ አረፋን የሚቋቋሙ ስለሆኑ አፈሩ እየደረቀም መሥራቱን ይቀጥላል። በአንዳንድ ቦታ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ፒኞን አለቀ፤ አጠገቡ የቆመው የጥድ ዘመድ ግን በብዛት ተረፈ። ይህ ማለት ግን ጥድ አይሞትም ማለት አይደለም፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ሌሎች ሁለት ስልቶችም አሉ። አንዱ ድርቅ ሲመጣ ቅጠልን ማርገፍ ነው። ሌላው ሥርን ጠልቆ መስደድ ነው።

ባሕር ዛፍ፦ ነጩና ቀዩ

በደጋው መንደር እውነተኛው ምርጫ ብዙውን ጊዜ በባሕር ዛፍና በአገር በቀሉ መካከል ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ማለት ይገባኛል።

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ፣ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ለማቃለል ነው። ያን ችግር በእርግጥም አቃልሏል። ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ፣ ከብት የማይበላው፣ በአጭር ዓመታት ለአጠናና ለማገር የሚደርስ ዛፍ ነው። ገበሬው የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም። “ባሕር ዛፍ ውኃ አባካኝ ነው” የሚለውም በደፈናው ትክክል አይደለም፤ በአንድ ሊትር ውኃ የሚያመርተው እንጨት ጥሩ የሚባል ነው። ችግሩ ያለው በጠቅላላው መጠን ነው። በፍጥነት ስለሚያድግ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ስለሚይዝና ሥሩን ርቆ ስለሚሰድድ በበጋም መጠጣቱን አያቆምም። ምንጭ ዳር፣ ወይም የጎረቤት ጤፍ አጠገብ ሲተከል ጉዳቱ የሚታየው ለዚህ ነው። ገበሬዎች በማሳቸው ዳር ቦይ ቆፍረው ሥሩን የሚቆርጡበትም ምክንያት ይኸው ነው።

በድርቅ ረገድ ሁለቱን ዓይነቶች መለየት ያስፈልጋል። በደጋው የለመድነው ነጭ ባሕር ዛፍ የመጣው ከታስማኒያና ከደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለና እርጥበት ያለው አየር ይወዳል። ቀይ ባሕር ዛፍ ሙቀትንና ደረቅ ወቅትን ይበልጥ ስለሚችል ለዝቅተኛው ወይና ደጋ ይሻላል። ቆላ ቀመስ በሆነ፣ አፈሩ ስስ በሆነ ቦታ ላይ ነጩን መትከል የሚመከር አይደለም። ባሕር ዛፍ ድርቅ አይነካውም የሚለውን እምነትም በትውልድ አገሩ የሆነው ነገር ያፈርሰዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 ደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያን የመታው ድርቅና ሙቀት ጃራ የሚባለውን የአገሩን ባሕር ዛፍ ደን በየቦታው አድርቆታል። የደረቀው በብዛት አፈሩ ስስ የሆነበት ቦታ ነው።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ለማገዶና ለግንባታ የሚውል፣ ከምንጭና ከእርሻ የራቀ፣ የተወሰነ መሬት ካለ ባሕር ዛፍ ይተከል። ተራራን ለማልበስና ምንጭን ለማዳን ከሆነ ግን አይተከል።

ጥድና ወይራ

የደረቁ ደጋችን ጥንታዊ ደን የሁለቱ ነው። በየደብሩ ቅጥር ውስጥ ለዘመናት የተጠበቁትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያየ ሰው ያውቃቸዋል። ሁለቱም ቅጠላቸውን አያረግፉም፤ ሁለቱም ትንንሽና ጠንካራ ቅጠል አላቸው፤ ሁለቱም በዝግታ ያድጋሉ። ልዩነታቸው የሚገለጠው ጉዳት ሲደርስባቸው ነው።

ወይራ ከተቆረጠም፣ ጫፉ ከደረቀም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጥድ እንዲህ አያደርግም፤ አንዴ ከደረቀ አበቃ። በትግራይና በአፋር መካከል ባለው ገደላማ ስፍራ ላይ የሚገኘው የደስአ ደን ለዚህ ከባድ ትምህርት ነው። ሁለቱ ዛፎች የሚበዙበት ይህ ደን ብዙ የጥድና የወይራ ግንዶች በቁማቸው ደርቀውበታል። የኒው ሜክሲኮው ዘመዱ ከፒኞን መትረፉ ጥድ የማይሞት ነው አያሰኝም ያልሁት ለዚህ ነው። እንጨት ቆረጣውና ልቅ ግጦሹ ካዳከሙት በኋላ የሚመጣ ድርቅ ጠንካራውንም ዛፍ ይገድላል።

ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ለደረቁና ለተራቆተው ተዳፋት ወይራን እመርጣለሁ፤ ለከፍተኛውና ለቀዝቃዛው ደጋ ደግሞ ጥድን። ቢቻል ሁለቱ አብረው ይተከሉ። ወይራ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ፍሬው ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ስላለው በቀላሉ አይበቅልም፤ ችግኙም በግላጭ ፀሐይ ይጠወልጋል። በትግራይ በተከለሉ ተራሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የወይራ ችግኝ በደደሆ ቁጥቋጦ ጥላ ሥር የተሻለ እንደሚይዝ አሳይተዋል። ቦታውን “እናጽዳ” ብሎ ቁጥቋጦውን መመንጠር እንግዲህ ወይራውን ጥላ መንሣት ነው።

የሐበሻውን ጥድ ከፈረንጅ ጥድ ጋር የሚያምታታ አለ። የፈረንጅ ጥድ ከመካከለኛው አሜሪካና ከሜክሲኮ የመጣ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ለጣውላም ለአጥርም ያገለግላል። ግን እርጥበት ይፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ላይ ታይቶ በምሥራቅ አፍሪካ የተስፋፋው፣ የጥድ ክሽክሽ የሚባለው መጣጭ ተባይም ብዙ አጥፍቶታል። በድርቅ የተዳከመ ዛፍ ደግሞ ለመጣጭ ነፍሳት የተመቸ ነው። ለደረቅ ቦታ አልመርጠውም።

ዝግባና ኮሶ

ሁለቱም የሚያምሩ፣ ሁለቱም የእርጥብ ደጋ ልጆች ናቸው። ዝግባ ውኃውን በጥንቃቄ ያወጣል፤ በሙኔሳ ደን ብሳናና ባሕር ዛፍ ባሉበት አብሮ ሲጠና የታየው ጠባዩ የቁጥብ ዛፍ ጠባይ ነው። በጥላ ሥር ተጀምሮ በብዙ አሥርት ዓመታት የሚደርስ ስለሆነ በተራቆተ መሬት ላይ የመጀመሪያው ተካይ መሆን አይችልም። ሌሎች ዛፎች ጥላ ከሠሩ በኋላ በሁለተኛው ዙር ይግባ።

ኮሶ ያሳዝነኛል። የሚኖረው በከፍተኛው ደጋ ነው፤ በባሌ ተራሮች ከእርሱ በላይ የሚቆሙት እንደ አስታና ጅብራ ያሉት ናቸው። ሙቀቱ ከታች ሲገፋው የሚሸሽበት ቦታ ጠባብ ነው። በዝቅተኛ ቦታ ላይ ኮሶ መትከል ከንቱ ድካም ስለሆነ፣ ችግኙ ከተገኘ በከፍታው ጫፍ፣ ጭጋግ በሚያዘወትረው ተዳፋት ላይ ይተከል።

ቅጠል አርጋፊዎቹ፦ ዋንዛና ብሳና

“አገር በቀል ሁሉ ውኃ ቆጣቢ ነው” ማለት ልክ አይደለም። ብሳና ሰፊና ስስ ቅጠል ያለው፣ በተቆረጠ ደን ላይ ቀድሞ የሚነሣ ዛፍ ነው፤ ውኃ ሲያገኝ በብዛት ይጠጣል። የሚድነው ሲቸግረው ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ነው። ዋንዛም በደረቅ ወቅት ቅጠሉን ይቀንሳል፤ የረገፈውም ቅጠል አፈሩን ያለማል። ለእርሻ ዳር፣ ለጓሮና ለቡና ጥላ ከሆነ ዋንዛን የሚያክል የለም፤ ፍሬው ይበላል፣ ጣውላውም ውድ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀድመው ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ክልከላው ለበጎ የታሰበ ቢሆንም ብዙ ገበሬ “ተክዬ መቁረጥ ካልተፈቀደልኝ ለምን ልትከል?” እንዲል አድርጎታል። በራስዎ መሬት ላይ የተከሉትን ዛፍ ለመቁረጥ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ያረጋግጡ።

ግራር

በማሳ ውስጥ ዛፍ ለሚሻ ሰው የሚያስደንቀው በትግርኛ ሞሞና፣ በኦሮምኛ ገርቢ የሚባለው የግራር ዓይነት ነው። የዚህ ዛፍ ወቅት ከሌሎቹ የተገለበጠ ነው፤ ቅጠሉን የሚያረግፈው በክረምት፣ የሚያለመልመው በበጋ ነው። ሰብሉ ብርሃንና ዝናብ በሚፈልግበት ጊዜ ዛፉ ዕርቃኑን ይቆማል፤ ሁሉ በደረቀበት ወራት ለከብቱ ጥላና ፍሬ ይሰጣል። ይህን የሚችለው ሥሩ በጣም ጠልቆ የከርሰ ምድር ውኃ ላይ ስለሚደርስ ነው። ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈሩን ያዳብራልና ከሥሩ የሚዘራው ማሽላ የተሻለ ይሆናል። ወሰኑ ግን ይህ ነው፦ የከርሰ ምድር ውኃው ሩቅ በሆነበት ወይም ከላይ ድንጋይ በሆነ ተራራ ላይ ይህ ብልሃቱ አይሠራም። ለሸለቆና ለሜዳ እርሻ ነው።

ደጋማው ቦታ ላይ ጃንጥላ መስሎ የሚዘረጋው የሐበሻ ግራርም ናይትሮጅን አዳባሪ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር የናይትሮጅን እጥረት ዕድገትን እንደሚያግድ ከላይ አይተናል፤ ስለዚህ ከጭማሪው የመጠቀም ዕድል ያላቸው እንዲህ ዓይነት ዛፎች ናቸው፣ ፎስፎረስ እስካላጠራቸው ድረስ። ይህ ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም። በቦረና የግጦሽ መሬት ላይ ግራርና ቁጥቋጦ ሣሩን እየዋጠው ነው። ዋናዎቹ ምክንያቶች የሣር ማቃጠል መከልከሉና ልቅ ግጦሽ ናቸው፤ የጋዙ መጨመርም ዛፉን ከቆላ ሣር ይበልጥ ስለሚጠቅም አስተዋጽኦ አለው ተብሎ ይታመናል። ለግጦሽ በሚፈለግ መሬት ላይ እንግዲህ ድርቅ መቻል ብቻውን መመዘኛ አይሆንም። በአፋር የተስፋፋው ፕሮሶፒስ ድርቅን እጅግ የሚችል ዛፍ ነው፤ የአርብቶ አደሩን ሜዳ ያጠፋውም እርሱ ነው።

በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ የተስፋፋው ዲከረንስም የግራር ዘመድ ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ከሰል ያደርገዋል። ለኪስ ፈጣን ነው። ነገር ግን አካባቢው በሙሉ በአንድ ዝርያ ተሸፍኖ ሳለ በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ አበላሽቷል። በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ የተመሠረተ ደን ለበሽታም ለድርቅም እንዲሁ የተጋለጠ ነው።

ከዝርያው በኋላ

ዝርያውን በትክክል የመረጠ ሰው ችግኙን በመጀመሪያው በጋ ሊያጣው ይችላል። የብዙ ችግኝ ዕጣ የሚወሰነው ከመስከረም እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ስለሆነ፣ በችግኝ ጣቢያ ሲመርጡ ረጅሙን ሳይሆን ግንዱ ወፈር ያለውን ይውሰዱ። ቁመቱ የረዘመ፣ ሥሩ ያነሰ ችግኝ ከሚያገኘው በላይ ውኃ ያወጣል። ከመተከሉ ጥቂት ሳምንታት በፊት ውኃው ተቀንሶለት፣ ጥላው ተነሥቶለት የጠነከረ መሆኑን ይጠይቁ። ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ ተጠቅልሎ ከሆነ አይግዙት፤ እንደተጠቀለለ ይቀራል፣ ጥልቅ ውኃም አይደርስም። ተከላው ዝናቡ አፈሩን እንዳራሰ በሐምሌ መጀመሪያ ይሁን። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለ ችግኝ ሥር ሳይሰድድ በጋው ይደርስበታል። በተዳፋት ላይ ከችግኙ በታች የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ክትር ይሠራ።

ርቀቱም ወሳኝ ነው። ደረቅ ቦታ ላይ አጠጋግቶ መትከል ዛፎቹን በአንድ ውኃ ላይ ማጣላት ነው፤ ሲያድጉም መሳሳት አለባቸው። የተሳሳ ደን በድርቅ የሚያጣው ዛፍ ካልተሳሳው ያነሰ መሆኑ በብዙ አገር ታይቷል። መሬቱ በከብት ካልተረገጠና ጉቶና ዘር ካለው ደግሞ ከመትከል በፊት መከለልን ያስቡ። በራሱ የበቀለ ወይራ ሥሩ ያልተነቀለ፣ ያልተጠቀለለ ነው፤ ከየትኛውም የችግኝ ጣቢያ ችግኝ ይበልጣል።

ዘሩ የሚሰበሰብበትንም ቦታ ይምረጡ። በአቅራቢያው የቤተ ክርስቲያን ደን ካለ፣ ከአስተዳዳሪው ፈቃድ ተጠይቆ፣ ከአንድ ዛፍ ሳይሆን ተራርቀው ከቆሙ ከብዙ እናት ዛፎች ይሰብሰብ። ጥድና ዝግባ ወንዴና ሴቴያቸው ለየብቻ ስለሚቆሙ ፍሬ የሚገኘው በሴቴዎቹ ላይ ብቻ ነው። ከዘሩም ከፊሉ ከሚተከልበት ቦታ ዝቅ ካለ፣ ደረቅና ሞቃት ከሆነ ስፍራ የመጣ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የእነዚያ ዛፎች ወላጆች ዛሬ በዝቅተኛው ቦታ የሚኖሩበት ሙቀት ነገ የላይኛው ተዳፋት ሙቀት ይሆናል።